ስንት ጊዜ አርፏል?

ያገለገለ ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን ተርባይን ሞተር የሚያዞርለት) አውሮፕላን የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያውን የሚጀምረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ በቅርቡ ታድሷል፣ ፕሮፔለሩ አዲስ ነው፣ ወንበሮቹ ቆዳ ናቸው ይላል። የኮክፒቱ ፎቶ ይደረደራል። አካሉ፣ ማለትም ከሞተሩ ውጪ ያለው ገላውና ክንፉ፣ ስንት ሰዓት እንደበረረ ከታች ጠጋ ብሎ ይጻፋል። ስንት ጊዜ ተነስቶ እንዳረፈ ግን ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይነሳም። እኔ ይሄ መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይታወቁ ስለ ዋጋ መነጋገር የለብንም።

ሞተር ቢያረጅ እዳው ገብስ ነው። ወጪው ከባድ ቢሆንም መላ አለው። ፒቲ6 ከሚባሉት የተርቦፕሮፕ ሞተሮች ብዙዎቹ በየ3,600 ሰዓቱ ገደማ ተፈትተው ይታደሳሉ። አካሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታደስም። አምራቹ ለክንፉ ወይም ለመላው አካል የዕድሜ ጣሪያ በጥገና መመሪያው የበረራ ብቃት ገደቦች ውስጥ ካስቀመጠ፣ ያ ምክር አይደለም። ሕግ ነው። ሴስና 441 ኮንክዌስት ለሚባለው ተርቦፕሮፕ የተቀመጠለት ጣሪያ 22,500 ሰዓት ነው። ዳሽ 8 የሚባለው የመንገደኞች ተርቦፕሮፕ ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው በበረራ ብዛት ነው። መጀመሪያ 80,000 በረራ ነበር፤ በኋላ በተጨማሪ ፍተሻና ጥገና እስከ 120,000 እንዲደርስ የሚያስችል ፕሮግራም ወጣለት።

የበረራ ብዛት ለምን ይቆጠራል? ካቢኑ አየር የሚሞላበት አውሮፕላን ከፍታ በጨመረ ቁጥር የውጪ ቆዳው፣ ማለትም ቆርቆሮው፣ ይወጠራል። ሲወርድ ይላላል። ክንፉም በእያንዳንዱ በረራ ሸክሙን ይሸከማል፣ ያራግፋል። ይህ መመላለስ በብረቱ ላይ የሚያመጣው ድካም የሚጠራቀመው እንደ ሪቬት (ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዘው ምስማር) ቀዳዳ ጠርዝ ያለ ቦታ ላይ ነው። እዚያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምራል። ከላይ ቀለም አለ፣ ከውስጥ ማሸጊያ ተቀብቷል፤ በዓይን አይታይም። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ይሄ ነው።

10,000 ሰዓት የበረሩ ሁለት አውሮፕላኖችን እንውሰድ። አንዱ በእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ሰዓት ሲበር ኖሯል፤ 3,300 ጊዜ ገደማ አርፏል። ሌላው የሃያ ደቂቃ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል፤ 30,000 ጊዜ አርፏል። ሰዓታቸው እኩል ነው። ድካማቸው ግን አይገናኝም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ሲበር ጣሪያው የተገነጠለው የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ጄት ነው፤ ትምህርቱ ግን ለተርቦፕሮፕም ያው ነው። 35,496 ሰዓት በርሮ ነበር። የበረራው ብዛት ግን 89,680 ነበር። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ።

ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን የቾክስ ኦሽን ኤርዌይስ አደጋ ነው። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራ፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ ግሩማን ማላርድ ነበር። የቀድሞ ፒስተን ሞተሮቹ ወጥተው ተርቦፕሮፕ ገብቶለታል። ሞተሩ አዲስ፣ ክንፉ ግን የድሮው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2005 ከማያሚ እንደተነሳ ቀኝ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። የተሳፈሩት 20 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎቹ ክንፉ ውስጥ ያገኙት በድካም የመጣ ስንጥቅ ነበር። ከዚያ በፊት ነዳጅ በተደጋጋሚ ያፈስ ነበር፤ ጥገናውም ችግሩን ከሥሩ አልነካውም። የነዳጅ ጠብታ ያየ ገዢ ይህን ታሪክ ያስታውስ።

እና ገዢው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ወረቀት ይጠይቅ። የጥገና መመሪያው ውስጥ የበረራ ብቃት ገደቦች የሚባል ክፍል አለ። የዕድሜ ገደብ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ መቼ እንደሚቀየር የተጻፈው እዚያ ነው። ያንን ከሎግ ቡኩ፣ ማለትም ከበረራና ጥገና መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ያስተያይ። በተለይ የማረፊያ ቁጥሩ በየበረራው የተመዘገበ ነው ወይስ በግምት የተሞላ? ሁልጊዜ ከሰዓቱ ጋር እኩል የሚሄድ ከሆነ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስልቶ ጽፎታል ማለት ነው። ታሪኩ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ የማይታወቅ የዕድሜ ገደብ ያለው ዕቃም እንዳለቀ ይቁጠረው።

ፍተሻውን የሚሠራው ባለሙያ በገዢው የተመረጠ ይሁን፤ አውሮፕላኑን ሲጠግን የኖረው ሰው አይሁን። ወለሉ ይነሳ፣ የክንፉ ሥር ይከፈት፣ ዝገት ይፈለግ። ሻጩ ይሄን አልፈቅድም ካለ ገዢው በሰላም ተሰናብቶ ይሂድ።

ዋጋውም መታየት ያለበት በቀረው ዕድሜ ነው። 22,500 ሰዓት ጣሪያ ያለው አውሮፕላን 21,000 ከበረረ፣ የሚገዛው 1,500 ሰዓት ብቻ ነው። በዓመት 300 ሰዓት ለሚያበር ሰው አምስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለገበያ የሚቀርበው ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና የኮክፒቱ ዕቃ ነው።