ከአበባው ይልቅ ሣጥኑን

የፈረንጆቹ ኦክቶበር ሊገባደድ ሲል በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ብቅ የሚል ሰው ሁሉ ኮሌታው ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ሰክቶ ይመጣል። አበባው ፖፒ ይባላል፤ በጦርነት የወደቁት ይታሰቡበታል፣ ለቀድሞ ወታደሮችም መርጃ ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ዜና አንባቢው፣ የአየር ትንበያ አቅራቢዋ፣ የኬክ አሠራር የሚያሳየው ባለሙያ ሳይቀር ፖፒ በፖፒ ይሆናሉ። ዓመታዊው ጭቅጭቅም አብሮ ይነሣል። ማን ሰካ? ማን ሳይሰካ ቀረ? የትኛው ኳስ ተጫዋች እምቢ አለ? ቅጠሉ ወደየት መዞር አለበት እያለ የሚከራከር እንኳ አይጠፋም። ነገሩ ሁለት ሳምንት ያህል ይጦዝና ኖቬምበር 11 ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ለሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ አበባው ይነቀላል።

እኔ ከአበባው ጋር ጠብ የለኝም። የሚያስገርመኝ ኮሌታ የሚቆጥረው ሰው ይህን ያህል በዝቶ፣ የመዋጮ ሣጥኑ ውስጥ ስለገባው ገንዘብ የሚጠይቀው ማነሱ ነው።

ወደ ሥራ በምሄድበት የባቡር ጣቢያ በር ላይ በየዓመቱ አንድ ሽማግሌ ይቆማሉ። ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ ትሪ ከአንገታቸው አንጠልጥለው። ትሪው ላይ አበባው፣ ስፒሉና ቀዩ ሣጥን አለ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የባንክ ካርድ የሚነካበት ትንሽ መሣሪያም ተጨምሯል። ዋጋ አይጠሩም፤ ፖፒ የተቆረጠ ዋጋ የለውም። ሳንቲም ጣል ያደረገም አሥር ፓውንድ ያጠፈም እኩል አበባ ይወስዳል። ሰጥቶ አበባውን ሳይወስድ የሚሮጥም አለ። ይህ ሰው ባቡሩ ውስጥ በክፉ ዓይን ይታይ ይሆናል፤ የአምናውን ፖፒ ከመሳቢያ አውጥቶ የሰካው ጎረቤቱ ግን የጨዋ ልጅ ነው።

ፖፒው ሲጀመር የመዋጮ ደረሰኝ ነበር። አበባው ከሙታን ጋር የተያያዘው አንድ ካናዳዊ የጦር ሐኪም በ1915 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤልጅየም ውስጥ በወደቁ ወታደሮች መቃብር መካከል ስለሚበቅለው ቀይ አበባ ከጻፈው ግጥም ወዲህ ነው። አሜሪካዊቷ ሞይና ማይክል ግጥሙን አንብባ አበባውን መስካት ጀመረች። ወደ ገንዘብ የለወጠችው ግን ፈረንሳዊቷ አና ጌራን ናት፤ በጦርነቱ የተጎዱ ቤተሰቦችን ለመርዳት ፈረንሳይ ውስጥ ከጨርቅ የተሠሩ ፖፒዎች ታሸጥ ነበር። በ1921 ለንደን መጥታ በዚያው ዓመት የተመሠረተውን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ ብሪቲሽ ሌጅንን፣ አሳመነች። ዘጠኝ ሚሊዮን አበባ ቀረበ፤ አንድም ሳይተርፍ አለቀ፤ ከ106 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ።

ያ ገንዘብ የተሰበሰበው ለጌጥ አልነበረም። መንግሥት ከጦርነቱ ለሚመለሱት ለጀግና የምትመጥን አገር እሰጣለሁ ብሎ ምሎ ነበር፤ እግራቸውን ያጡት ግን መንገድ ዳር ክብሪት ይሸጡ ነበር። በ1922 ሻለቃ ጆርጅ ሃውሰን አካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ተቀጥረው አበባውን የሚሠሩበት ፋብሪካ ለንደን ውስጥ ከፈተ። ለወላጆቹ በጻፈው ደብዳቤ ሥራው ብዙ ይሳካል ብሎ እንደማያምን፣ ሆኖም መሞከር እንዳለበት ገልጾ ነበር። የአበባው አሠራር ቀላል የሆነው በምክንያት ነው፤ አንድ እጁን ያጣ ሰው እንዲገጣጥመው ታስቦ ነው። ወረቀቱ ራሱ የአንድ ጉዳተኛ የቀን ደመወዝ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ዘመናችን ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። የአይቲቪ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢዋ ቻርሊን ዋይት በስክሪን ላይ ፖፒ አትሰካም። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ የምትደግፋቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ብዙ ስለሆኑ፣ በሥራ ላይ እያለች አንዱን ከሌላው አስበልጣ ማሳየት አትፈልግም። ከስክሪን ውጭ ግን ትሰካለች፤ ቤተሰቧ ውስጥም በብሪታኒያ ጦር ያገለገሉ አሉ። በ2013 የወረደባት ስድብ ዘሯንና ጾታዋን የነካ ነበር። ስትሰጥ የኖረች ሴት ባልሰካችው ወረቀት ስትሰደብ፣ ከተሳዳቢዎቹ ስንቱ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደጣለ የጠየቀ አልነበረም።

የጄምስ ማክሊን ጉዳይ ይለያል። የአየርላንዱ ኳስ ተጫዋች የተወለደው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ደሪ ከተማ ነው፤ በጃንዋሪ 1972 የብሪታኒያ ወታደሮች በአንድ ቀን 13 ሰላማዊ ሰዎችን በጥይት የገደሉበት ከተማ። በ2014 ለክለቡ ሊቀ መንበር በጻፈው ደብዳቤ ፖፒው የሁለቱን የዓለም ጦርነቶች ሙታን ብቻ የሚያስብ ቢሆን እንደሚሰካው፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ግጭቶች ሁሉ ስለሚጨምር ግን ለሰፈሩ ሰዎች ክብር ሲል እንደማያደርገው አስረዳ። ለዓመታት ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲጮህበት ኖሯል። ሌጅኑ ራሱ ፖፒ መስካት የግል ምርጫ ነው፣ ተገድዶ የተሰካ ትርጉሙን ያጣል ይላል። ባለቤቱ የተወውን ጎረቤት ሲያስገድድ ማየት የተለመደ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ለኢራቅ ጦርነት አላዋጣም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ አፍጋኒስታን ውስጥ እግሩን ጥሎ የመጣው የሃያ ዓመት ልጅ ጦርነቱን አላወጀም። ገንዘቡ የሚውለውም ለዕዳ ምክር፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ፣ አእምሮው ለታወከ ሰው ሕክምና፣ ለቤተሰቡ ድጋፍ ነው። የጦር መሣሪያ አምራቾች የሌጅኑን ዝግጅቶች ስፖንሰር ማድረጋቸው ግን ይከነክነኛል። ቦምብ የሸጠ ኩባንያ ለቁስለኛው ሲመጸውት ዝም ብሎ ማመስገን ይከብዳል። ስለ ሣጥኑ እንጠይቅ ስል ማን እንደሚሞላውም እንጠይቅ ማለቴ ነው።

ለማን እንደሚደርስ የሚለው ጥያቄ ወደ እኛው አህጉር ይመልሰናል። በ1941 ከኬንያ ተነሥቶ አዲስ አበባ በገባው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ናይጄሪያውያን፣ ደቡብ አፍሪካውያንና የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ (የብሪታኒያ የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ጦር) ወታደሮች ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን የኮመንዌልዝ (የብሪታኒያና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ኅብረት) የጦር መቃብር ያየ ሰው ያንን ዘመቻ ያስታውሳል። ከጦርነቱ ማግስት ግን አፍሪካውያኑ በስንብት ያገኙት ክፍያ በማዕረግ ከሚተካከሏቸው ነጮች እስከ ሦስት እጥፍ ያንስ እንደነበር በ2019 ይፋ የሆኑ ሰነዶች አሳይተዋል። ደመወዝ በቀለም ተመደበ ማለት ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የነበረው የባሰ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ጥይትና ስንቅ እየተሸከሙ ያለቁት የጭነት ኮር ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸው የትም አልተጻፈም። ናይሮቢ ውስጥ ካሪያኮር፣ ዳሬሰላም ውስጥ ካሪያኩ የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ኮር ነው፤ ለብዙዎቹ የቀረላቸው መታሰቢያ የገበያ ስም ነው። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ፣ በአብዛኛው ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን ሙታን በስም ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኗል። የመከላከያ ሚኒስትሩም ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ስለዚህ እኔ ገንዘቤን ከጣቢያው ሣጥን ሌላ ወደ አንድ ቦታ ደግሞ እልካለሁ። ሮያል ኮመንዌልዝ ኤክስ ሰርቪስስ ሊግ ይባላል። በ1921 ኬፕታውን ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ለብሪታኒያ ዘውድ ተዋግተው ዛሬ በየአገራቸው ተቸግረው ለሚኖሩ አዛውንትና ባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሚስቶቻቸው ቢያንስ የዕለት ጉርስ እንዲያገኙ ይረዳል። ስለዚህ ድርጅት በቴሌቪዥን የሚከራከር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ኮሌታ ላይ የሚታይ ነገር የለውማ።

ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የእኛ ዘማቾች በዚህ ሊግ አይታቀፉም። እኛስ? ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር አርበኞቻችን ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ሲፎክሩ እናጨበጭባለን፣ ፎቶግራፍ እናነሣለን። በእኔ ዕድሜ በዚያ አደባባይ የመዋጮ ሣጥን ይዞ የሚዞር ሰው አላየሁም። የቃኘው ሻለቃ ነገር ከዚህ ይብሳል። በእኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመቱትና ተከታትለው ከሄዱት ከ120 በላይ እዚያው ወደቁ። ደርግ ሲመጣ የተረፉት ኮሚኒስቶችን የወጉ ተብለው በጥርጣሬ ታዩ። በእርጅናቸው በቋሚነት ያስታወሷቸው በአብዛኛው ኮሪያውያን ናቸው፤ ሕክምና፣ ድጎማ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት ዕድል ሲሰጡ ቆይተዋል። ባለውለታነታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ እኛን ግን ሊያሳፍረን ይገባ ነበር።

ይህ የመንግሥት ግዴታ ነው የሚለኝ ሰው ልክ ነው። ሆኖም በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና አልፏል፤ በጀት እስኪጸድቅ አይቆይም። ለንደን ውስጥ ዕድር አለን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አለን፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበር አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የአርበኞችም የኮሪያ ዘማቾችም ማኅበር አለ። ገንዘብ መላክ ደግሞ ከማንም በላይ የምናውቅበት ሥራ ነው። ጥያቄው ቢነሣ ስብሰባው ላይ እገኛለሁ። የመጀመሪያው አጀንዳ የባጁ ቀለምና ቅርጽ ከሆነ ግን እኔን አትጥሩኝ፤ በባንክ ሒሳቡ ይጀመር።