ለመስኮት ቅናሹ ድንኳን አትጣሉ

በአሜሪካ ለመስኮት መቀየሪያ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ግብር ቅናሽ በዲሴምበር 31 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ «የአሮጌ ቤት ባለቤት ተበደለ» የሚለው ሙሾ አልቆም ብሏል። የሚያበሳጨው ሙሾው በክራፍትስማን ባንጋሎው፣ ማለትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተሠራው ዝቅ ያለና ክፍክፉ ሰፊ የሆነ ቤት ስም መውረዱ ነው። ቅናሹ ለባንጋሎው ምን ውለታ ዋለለትና? የቤቱን ዓይን ነው ያስነቀለው።

በገንዘቡ እንጀምር፤ ከሙግታቸው ሁሉ ደካማው እሱ ነው። ቅናሹ ከወጪው 30 በመቶ ሆኖ ለመስኮቶች ሁሉ ተደምሮ በዓመት ከ600 ዶላር አያልፍም ነበር። 2,000 ዶላር ያወጣ ሰው ጣሪያውን ነካ ማለት ነው። 20 መስኮት ያለው ባንጋሎው በ2,000 ዶላር ስንቱን ያስቀይራል? ቀሪውን ባለቤቱ ከኪሱ ይከፍላል። መስኮቱን ላስጠገነ ደግሞ አንድ ሳንቲም አልተመደበም። ነቅሎ ለጣለ ሽልማት፣ ላዳነ ባዶ እጅ!

«አሮጌ መስኮት ብርድ ያስገባል» ይሉናል። ነጠላ መስታወት ብቻውን ሙቀት አይዝም፤ እሺ። ግን ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ አይተዋል? ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተቱት ሁለት ክንፎች መገናኛ፣ በመቃኑ ዳርና ክንፎቹን በገመድ የሚያመዛዝኑት ብረቶች በሚንጠለጠሉበት የክብደት ሳጥን ነው። ቪኒል የተባለውን የፕላስቲክ መስኮት የሚገጥመው ሰው በመቃኑ ውስጥ የተንጠለጠሉትን የክብደት ብረቶች ቆርጦ ይጥልና ሳጥኑን ባዶውን ይተወዋል። ያ ባዶ ሳጥን ከግድግዳው ውስጥ ብርድ የሚያመላልስ ቧንቧ ይሆናል። ባለቤቱ «አዲስ መስኮት አስገብቼ እንኳ ይበርደኛል» ሲል መልሱ እዚያ ተቀምጧል።

እንጨቱንም እናንሳ። እነዚህ ቤቶች በሚሠሩበት ዘመን ለመስኮት ብዙ ጊዜ የሚውለው በዝግታ ያደገ፣ ቀለበቱ የተጠጋጋ፣ ሙጫው ያልተሟጠጠ ዳግላስ ፈር የተባለ እንጨት ነበር። ዛሬ በችኮላ ከሚያድገው ደን እንዲህ ያለ ጣውላ አይገኝም። እሱን ነቅሎ በፕላስቲክ መተካት አልጋ ሲሉት አመድ ነው። ቪኒል በፀሐይ ከመስታወቱ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥና ሲኮማተር በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው ማሸጊያ ይላቀቃል፣ ጉም ይገባል። ያን ጊዜ የሚጠግነው የለም፤ እንደገና ግዢ ነው።

አሮጌውን መጠገን ግን ይቻላል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ እርሳስ አለበት ብላችሁ ጀምሩ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ በእሳት አታቃጥሉ፤ እያረጠባችሁ ፋቁ። በቀለም የተጣበቀውን የውስጥ ማገጃ በስለት ከፍላችሁ ንቀሉና የታችኛውን ክንፍ አውጡ። በመቃኑ ጎን፣ ብዙ ጊዜ በቀለም ተለብጣ የማትታይ ትንሽ መዝጊያ አለች። ከጀርባዋ ገመዱ የተበጠሰበት ብረት ወድቋል። «ከፍቼው አልቆም አለ» የሚባለው መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ በሽታ የለውም፤ 6 ሚሊ ሜትር የጥጥ ገመድ በመዘውሩ አሳልፋችሁ እሰሩለት። የላይኛው ክንፍ ሁለት ብረቶች ተደምረው ከክንፉ በጥቂቱ ይክበዱ፣ የታችኛው ደግሞ በጥቂቱ ይቅለሉ፤ ከተገለበጠ የላይኛው እየወረደ፣ የታችኛው እየተነሳ ያስቸግራል።

መስታወቱን ከክንፉ በሚያያይዘው ስቱኮ ላይ ባለሙያ ነኝ ባዩም ይሳሳታል። ባዶ እንጨት ላይ የተመረገ ስቱኮ የተልባ ዘይቱን በእንጨቱ ይመጠጥና ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንጨቱ አስቀድሞ ዘይት ወይም የዘይት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ይጠጣ። የመጨረሻው ቀለም ከስቱኮው አልፎ መስታወቱን 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይርገጥ። ያቺ ቀጭን መስመር ከሌለች ዝናብ በመካከል ሰርጎ የክንፉን የታች እንጨት ያበሰብሳል። በክንፎቹ መገናኛና በጎኖቹ የነሐስ ንፋስ መከላከያ ምቱ፤ ከውጭ ተደራቢ መስኮት ግጠሙ። የተደራቢውን የታች ቀዳዳዎች ግን በማሸጊያ አትድፈኑ፤ ውሃው መውጫ ያጣል። ቀጭን የሙቀት መላሽ ሽፋን ያለው ተደራቢ ከተጠገነ መስኮት ጋር ሆኖ ከድርብ መስታወት ጋር ይወዳደራል። ፈጽሞ የበሰበሰ ክንፍ ካለ አናጺ በልኩ ይሥራ፤ ለአንድ ክንፍ ሃያ መስኮት አይነቀልም።

ስለ መልክ መከራከር ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። ሰፊው ክፍክፍ፣ የሚታየው የወጋግራ ጫፍና የበረንዳው ጥልቅ ጥላ ለጌጥ ብቻ አልተሠሩም፤ መስኮቱን ከዝናብ ከልለው ለመቶ ዓመት ያቆዩት እነሱ ናቸው። የላይኛው ክንፍ በትንንሽ መስታወት ተከፍሎ የታችኛው አንድ ወጥ የሚሆነውም በልክ ነው። ቪኒሉ በአሮጌው መቃን ውስጥ ሌላ ፍሬም ደርቦ መስታወቱን ያጠብባል፤ በሁለት መስታወት መካከል የታሸገው ጠፍጣፋ ፍርግርግ ጥላ እንኳ አይጥልም። የቤት ዕቃ ሠሪው ጉስታቭ ስቲክሊ ከ1901 እስከ 1916 ባሳተመው «ዘ ክራፍትስማን» መጽሔት እንጨቱ እንጨት መስሎ፣ መጋጠሚያውም ሳይደበቅ ይታይ ሲል ሰብኳል። የእንጨት መልክ የታተመበት ፕላስቲክ በዚያ ስም መሸጡ ድፍረት ነው።

ለባለቤቱ የሚያዝን ካለ ገንዘብ ሌላም ቦታ አለ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ታኮማ ፓርክን ጨምሮ በታሪካዊነት ለተመዘገበ ቤት ውጫዊ ጥገና ከወጪው 25 በመቶው ከንብረት ግብር ይቀነሳል። ጣሪያው 600 ዶላር አይደለም። አልቃሾቹ ስለዚህኛው ሲያወሩ ሰምታችኋል?