ክብር ለኖቬምበር ጀግኖቻችን

ሰሞኑን ያቺ የለመድናት ጥያቄ ተመልሳ መጥታለች። «ኧረ ለመሆኑ ይሄን ሰውዬ ለኮንግረስ ማን መረጠው?» ቡና ላይ ትነሣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ትነሣለች፣ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነሣትም አይጠፋም። ጠያቂውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሜሪላንድ የሚኖር፣ ዜግነቱን ከወሰደ የቆየ፣ ኖቬምበር ላይ ዋናው ምርጫ በመጣ ቁጥር «መርጫለሁ» የምትለዋን ተለጣፊ ደረቱ ላይ ለጥፎ ፎቶ የሚነሣ፣ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ ሲባል ግን እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው። ስንነቅፈው ኖረናል። ዛሬ እስቲ እናመስግነው።

ሲጀመር ይሉኝታው! ሜሪላንድ በኮንግረስ ስምንት የተወካዮች መቀመጫ አላት። ሰባቱ የዲሞክራቶች ናቸው። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው አንደኛው ዲስትሪክት (የምርጫ ወረዳ) የሪፐብሊካኖች ነው። ወደ ምዕራብ ተራሮች የሚዘልቀው ስድስተኛው አንዳንድ ዓመት ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ የቀሩት ቦታዎች አሸናፊ ፓርቲ ቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሙሽራው የሚመረጠው በፕራይመሪ ነው፤ ኖቬምበር መልስ ነው። ጀግናችን ግን ሙሽራ በሚመረጥበት ቀን «እኔ ምን አግብቶኝ» ብሎ ቤቱ ይውላል። መልሱ ላይ ነጭ በነጭ ለብሶ ይመጣና፣ ጠጁን እየጠጣ፣ «ሙሽራው ግን አላማረኝም» ይላል። ከዚህ በላይ ለሰው ቦታ መልቀቅ ከየት ይመጣል?

የልቡ ስፋት በቁጥር ሲታይ ደግሞ ይብሳል። በ2016 ታኮማ ፓርክንና የሲልቨር ስፕሪንግን ሰፊ ክፍል የያዘው ስምንተኛው ዲስትሪክት ክፍት ሆነ፤ በዲሞክራት በኩል 9 ሰው ተሰለፈ። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ያልፋል። ጄሚ ራስኪን ከፓርቲያቸው መራጮች ሲሶ ያህሉን አግኝተው አለፉ። ኖቬምበርንም አሸነፉ፤ ከዚያ ወዲህ በ2018፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ያለ ብዙ ላብ ተመልሰዋል። ሰውየው ጥሩ ናቸው መጥፎ ናቸው ሌላ ወሬ ነው። እዚህ የሚመሰገነው ፕራይመሪው በዋለበት በዚያ የኤፕሪል ማክሰኞ ቤቱ የዋለው ሰው ነው፤ የስንት ዓመት ወኪሉን በአንድ ከሰዓት እንቅልፍ ለጎረቤቱ አሳልፎ የሰጠ!

በ2024 በሦስተኛው ዲስትሪክት፣ ማለትም ሃዋርድ ካውንቲና አን አረንደል አካባቢ፣ የዲሞክራቶቹ ወረቀት ላይ 22 ስም ነበር። ሃያ ሁለት! አሸናፊዋ ከአሥር መራጭ አራቱን እንኳ ሳያገኙ አለፉ። ዕጩው ለምን እንዲህ እንደሚበዛ ለሚገርመው ሰው፣ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች በአንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት መመዝገቢያው 100 ዶላር ነው፤ ፊርማ አሰባስብ የሚልም የለም። ለአንድ የልደት ኬክና ለጥቂት ፊኛ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

«መቼ እንደሆነ ማን ነገረኝ?» የሚለው ክርክሩ ግን ጠንካራ ነው፣ አይናቅም። ፕራይመሪው በ2016 ኤፕሪል 26 ዋለ። በ2018 ጁን 26። በ2020 በኮሮና ምክንያት ከኤፕሪል ወደ ጁን 2 ተገፋ። በ2022 በምርጫ ወረዳ ካርታ ጣጣ ከጁን 28 ወደ ጁላይ 19 ሄደ። በ2024 ሜይ 14። እንዲህ የሚንከራተት በዓል ማን ያስታውሳል? ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ከሰባት ወር በፊት የሚናገር፣ ፋሲካን ከነመጥቅዑ የሚያሰላ፣ የአዲስ አበባንና የዋሽንግተንን ሰዓት በጭንቅላቱ የሚያመዛዝን ሰው፣ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ በወረቀት የሚላክለትን ቀን ማስታወስ ቢከብደው ይፈረድበታል?

ካርታውን ከጠቀስን አይቀር እሱም የጀግናችን ዋና ጥቅስ ነው። «ድንበሩን ቀድመው ቆራርጠውት የኔ ድምፅ ምን ይሠራል?» ድንበሩ መቆራረጡ እውነት ነው። በ2011 የተሣለው ሦስተኛው ዲስትሪክት ከመጣመሙ የተነሣ አንድ የፌዴራል ዳኛ በጽሑፍ ክንፉ ከተሰበረ ፕቴሮዳክቲል ጋር አመሳስለውታል፤ ድሮ ድሮ ይበር ከነበረው፣ አጥንቱ ብቻ ከቀረልን እንስሳ ጋር። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሜሪላንድንና የኖርዝ ካሮላይናን ክስ አንድ ላይ አይቶ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም የተቆረጠ ካርታ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚዳኝ ነገር አይደለም አለ። ማርች 2022 ላይ ደግሞ የክፍለ ግዛቷ አንዲት ዳኛ አዲሱን ካርታ ጣሉትና በጥድፊያ ሌላ ተሣለ። እንግዲህ ካርታው ለአንድ ፓርቲ ከተቆረጠ ድምፅ የሚሠራው በዚያ ፓርቲ ፕራይመሪ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጀግናችን እስከ «ማለት ነው» ድረስ አብሮ ይመጣል። ከዚያ ስልኩ ይጠራል።

ፖስታ ሳጥን ካልን ደግሞ፣ ፕራይመሪ ሲቃረብ የሚጎርፉትን አብረቅራቂ ካርዶች ታውቋቸዋላችሁ። ዕጩው የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ያልገዛውን አትክልት ገበያ ላይ አንሥቶ እያየ። ጀርባው ላይ ከልጆቹ ጋር፤ ልጅ ከሌለው ከውሻው ጋር። ከላይ በትልቁ፣ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ፣ «ለእርስዎ የሚታገል» ይላል። ሁሉም ታጋይ ናቸው። ጥይት ተተኩሶበት በማያውቅ ሰፈር ውስጥ ይህ ሁሉ ታጋይ ከየት በረሃ እንደወረደ አይታወቅም። የሚነበበው ነገር ከታች በጉንዳን ፊደል የተጻፈው ነው፤ ካርዱን ማን ከፍሎ እንዳሳተመው እዚያ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ብዙ ጊዜም «ለተሻለ ነገ» ዓይነት ስም ያለው፣ ዕጩው ራሱ ያልሆነ ቡድን ነው። ጀግናችን አይነበብም ብሎ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው የመልሶ መጠቀሚያ መጣያ ይወረውረዋል። ስለ አካባቢ ጥበቃው እናመሰግናለን።

አሁን ግን ወደ ንጉሣቸው እንምጣ፤ ወደ «ነፃው» ሰው።

በሜሪላንድ ከአምስት መራጭ አንዱ ገደማ በምዝገባው ላይ ፓርቲ የለውም። ፕራይመሪው ደግሞ ዝግ ነው፤ ለኮንግረስ ዕጩ የሚመርጠው ዲሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። ነፃው ሰው መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ ኤም ቪ ኤ ሄዶ «ፓርቲ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደረቱን ነፍቶ «የለኝም» ያለ ነው። ለምን? «የማንም ካድሬ አይደለሁማ!» አባቱ ወርሃዊ መዋጮ ሲቆረጥበት፣ ግምገማ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ሲያወርድ አይቷል። እሱ በዚህ ዕድሜው መታወቂያና ስብሰባ አይገባም! ሜሪላንድ ውስጥ ፓርቲ መመዝገብ ማለት ቅጹ ላይ አንዲት ምልክት ማድረግ ነው፤ መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ደብተር የለም፣ ኖቬምበር ላይም ለፈለጉት መምረጥ ይቻላል። ይህን ብትነግሩት «እንዲህ ነው የሚጀምሩት» ይላችኋል።

እንግዲህ የፕራይመሪ ዕለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጣቢያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ነፃው ሰው ይመጣል። ደጅ የቆሙት የዕጩ ሰዎች ወረቀት ዘርግተው ይከቡታል፤ ከበሩ 100 ጫማ ርቀው እንዲቆሙ ሕግ ስላሰራቸው እንጂ እስከ ጠረጴዛው በሸኙት ነበር። ገባ። ጠረጴዛው ኋላ አንዲት ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የተወለደበትን ወርና ቀን ጠየቁት። ነገራቸው። ስክሪኑን አዩና አንዲት ወረቀት ሰጡት። ነፃው ሰው ወረቀቷን አየ፤ የትምህርት ቦርድ ውድድር አለ። ገለበጣት፤ ባዶ ነው። መልሶ ገለበጣት። በእንግሊዝኛውም በስፓኒሹም አየ። «ኮንግረሱ የታለ?»

«ፓርቲ የለዎትም፤ ለእርስዎ ያለው ይሄ ነው» አሉት።

«ሃያ ዓመት ግብር የከፈልኩ ሰው ነኝ!»

ግብር ከፋይነቱን አልካዱም። ስክሪኑ ግን ግብር አይጠይቅም። «እሺ አሁኑኑ ዲሞክራት አድርጉኝ» አለ፤ ካድሬነት ድንገት ቀለለ። አይሆንም፤ ፓርቲ መቀየሪያው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ተዘግቷል። «በዕለቱም ምዝገባ አለ ሲባል ሰምቻለሁ!» አለ። አለ፣ ግን ገና ላልተመዘገበ ሰው ነው፤ የተመዘገበ ፓርቲ አይቀይርበትም። «እንግዲያው ስሜን ሰርዙና እንደ አዲስ መዝግቡኝ!» ከኋላው ያለው ሰልፍ ጉሮሮውን መጠራረግ ጀመረ። በሜሪላንድ አጠራር ሴትዮዋ የምርጫ ዳኛ ናቸው፤ ዳኛ ሲባል ይግባኝ ያለ መስሎት «አለቃሽን ጥሪ» አለ። አለቃቸውም የምርጫ ዳኛ ናቸው፤ ያንኑ ነገሩት። በመጨረሻ አልተው ሲላቸው በጊዜያዊነት የሚያዝ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሰጡት። ቅጹን ሞላ፣ ፈረመ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ አሸገ። ለኮንግረስ የሰጠው ድምፅ አይቆጠርም፤ የፓርቲው አባል አይደለማ። እሱ ግን በድል ስሜት ወጣ። ውስጥ ፎቶ ስለማይፈቀድ ደጅ ቆሞ ተነሣ፤ ከሥሩም «መብቴን አስከበርኩ» ብሎ ጻፈበት።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። ያች ሴትዮ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መጥታ ጠረጴዛ የዘረጋች፣ ጣቢያው ከማለዳው 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት ሆኖ ሳለ ከወንበሯ ያልተነሣች፣ ከተዘጋ በኋላም ቆጥራ አሽጋ የምትሄድ የሰው እናት ናት። እሷ ላይ መጮህ ነውር ነው። አንተ ግሪን ካርድ ይዘህ አምስት ዓመት ጠብቀሃል። መቶውን የዜግነት ጥያቄ ሌሊት ከፈረቃ ስትገባ ስልክህ ላይ አጥንተሃል። ቀኝ እጅህን አንሥተህ ምለሃል። ይህን ሁሉ ካደረግክ በኋላ ጥርስ ያላትን አንዷን ድምፅ፣ የፕራይመሪዋን፣ ለመጣል አንዲት ምልክት ነበረች የቀረችህ። እሷን ኩራት ብለህ ተውክ፤ ንዴትህን ደግሞ ምንም ያላደረገችህ ሽማግሌ ላይ ተፋኸው! ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻስ ቢያንስ የጮኸው ወደ ጅቡ ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን።

ባለ ገንዘቦችም ለጀግናችን ባለውለታ ናቸው፤ እሱ ባዶ የተወውን ሜዳ የሚሞሉት እነሱ ናቸውና። በዚያው በ2016 ስምንተኛ ዲስትሪክት አንድ ዕጩ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከገዛ ኪሱ አፍስሶ ሁለተኛ ወጣ። በ2024 የሴኔት ፕራይመሪ ላይ ደግሞ ያው ሰው ከ60 ሚሊዮን በላይ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ተሸነፈ። ሁለቱም ጊዜ ገንዘቡ የፈሰሰው ኖቬምበር ሳይደርስ ነው። እንዲህ ያለ ብር ያከማቸ ሰው ብሩን የት እንደሚበትን ሳያሰላ አይበትንም። ጀግናችን ግን «ሞኞች ናቸው፣ ዋናው ኖቬምበር ነው» ብሎ ያዝንላቸዋል።

ጀግንነቱን ማበላሸት የሚፈልግ ካለ መንገዱ አጭር ነው፤ በመሆኑም አይመከርም። ፓርቲህን የክፍለ ግዛቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ታያለህ፤ ካልመሰለህ ከ21 ቀኑ በፊት ትቀይራለህ፤ ፕራይመሪው ሲያልፍ መልሰህ ነፃ መሆንም ይቻላል። በፖስታ የምትመርጥ ከሆነ የፖስታው ጀርባ ላይ ፈርም፤ ሳይፈረም ቀርቶ ካልተስተካከለ አይቆጠርም። በፖስታ ቤት ተልኮ እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ የፖስታ ማኅተም ያልተመታበትም እንደዚያው። 22 ስም ያለበት ወረቀት ሲመጣ «ሁለቱም ደስ ይሉኛል» ብለህ ሁለት ክብ አታጥቁር፤ የዚያ ውድድር ድምፅህ ይሰረዛል። ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ከውድድር የወጣ ሰው ስሙ እዚያው ሊቀር ይችላል፤ አስቀድመህ አጣራ። ደጅ ላይ የሚታደለው «ናሙና» ወረቀት የመንግሥት ይመስላል እንጂ የዕጩ ነው።

ይህ ሁሉ ለጀግናችን ብዙ ነው፤ እናውቃለን። እሱን የሚያሳስበው ተለጣፊዋ ናት። እሷን ደግሞ ፕራይመሪ ላይም ያድላሉ።