ፍቱት እንጂ አታድቅቁት
ወገኖቼ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሁላችንም ተመልክተናል። ሰፈሮቹ መነሣት ነበረባቸው ወይ የሚለው ክርክር በራሱ ቦታ ይደረግ፤ እኔ ዛሬ የምወቅሰው ማፍረሳችንን ሳይሆን አፈራረሳችንን ነው። ጠራቢ የደከመበትን ድንጋይ፣ ዘመን ያጠነከረውን የጽድ ወራጅ፣ ገና ዝገት ያልነካውን ቆርቆሮ ስካቫተር በአንድ ጠዋት አደባልቆ ሲያደቀው፣ ክምሩም በሲኖትራክ ተጭኖ ከከተማ ዳር ሲደፋ እያየን ምንም እንዳልጠፋ እናልፋለን። ሲሚንቶና ፌሮ ተወደደ ብለን የምናማርረውም እኛው ነን።

በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ የድሮ ግንብ ከላይ ወደ ታች በእጅ ቢፈታ ድንጋዩ ሳይሰበር ይላቀቃል፤ ተጠርጎም ለአዲስ ቤት መሠረት ወይም ለአጥር ይውላል። በሲሚንቶ የተገነባው አስቸጋሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ተፈጭቶ ከወለል ሥር ለመሙያ በገረጋንቲ ፋንታ ሊገባ ይችላል። አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከግማሽ ቶን የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃልና፣ አዲስ ኮንክሪት ሳይፈልግ የተሠራ እያንዳንዱ ግድግዳ ለኪስም ለአየርም ይበጃል።

ይህን ሥራ በተግባር የያዙት እኛ የምንንቃቸው ሰዎች ናቸው። ቆራሌው በየደጁ እየጮኸ ይሰበስባል፤ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ባለሙያዎችም የተጣለውን ብረት ቀጥቅጠው ዕቃ ያደርጉታል። የተማረው ባለቤትና መሐንዲስ ግን «አሮጌ በር ገጠመ» እንዳይባል ሲል ደረቁን ሳንቃ አስጥሎ፣ ገና እርጥብ የሆነ፣ ከርሞ የሚጣመም ጣውላ በውድ ይገዛል። ይህ ኩራት ከሆነ ዋጋው በዛ።

በቁጠባ ስም ሰው ላይ አደጋ መጣልንም አልደግፍም። ከፍርስራሽ የወጣ፣ ታጥፎ የተቃና ፌሮ ለፎቅ ምሰሶ አይታመንም፤ ምስጥ የገባበት ወራጅ ጣሪያ ላይ አይውጣ። የአስቤስቶስ ክዳን ካገኛችሁ ብናኙ ሳንባን ይጎዳልና አትስበሩት፣ ለባለሙያ ተዉት።

በግል ግቢው አሮጌ ቤት አንሥቶ ሊገነባ ያሰበ ሰው ከኮንትራክተሩ ጋር ሲዋዋል «ማፍረስ» የሚለውን አንድ መስመር ብቻ አይፈርም። በርና መስኮቱ፣ ቆርቆሮው፣ ወራጁ፣ በመጨረሻም ድንጋዩ በየተራው የሚፈታበት ቀንና የሠራተኛ ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ፤ የትኛው ለአዲሱ ቤት እንደሚውል፣ የትኛው እንደሚሸጥም አስቀድሞ ይታወቅ። ኮንትራክተሩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ስካቫተሩ ወደ ግቢ አይግባ።