የተማራችሁበትን ዕዳ ክፈሉ

ወገኖቼ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአራት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ ተምራችሁ ዛሬ በቢሮ፣ በባንክ፣ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ለተቀመጣችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ቃሌ ቢከብዳችሁም ጨርሳችሁ አንብቡት። ዩኒቨርሲቲያችሁን እንደምትወዱት አውቃለሁ። የምርቃት ሰሞን ሲደርስ የድሮ ፎቶግራፋችሁን ታወጣላችሁ፤ የመምህሮቻችሁን ስም እያነሳችሁ ታመሰግናላችሁ። ነገር ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር የተቋቋመ፣ በዙሪያው ያሉ ሴቶችንና ሰፈሮችን ልደግፍ የሚል ፋውንዴሽን እጁን ሲዘረጋላችሁ፣ «ለጋሽ የላችሁም ወይ?» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። ለጋሽ ስትሉም ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ማለታችሁ ነው። የምወቅሳችሁ በዚህ ነው።

እስኪ ማን እንዳስተማራችሁ አስቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዋና ግቢ የምንለው ያ ነው። ግቢውን ንጉሡ ሰጡ፤ የመምህሩን ደመወዝ፣ የተማሪውን ዳቦ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መብራት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የከፈለው ግን ሕዝቡ ነው። ከከፈሉት አንዷ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክማ፣ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርዳ፣ በግቢው በር በኩል የምታልፈው ሴት ናት። ጨው ስትገዛ፣ ሳሙና ስትገዛ፣ ስኳር ስትገዛ ቀረጥ ከፍላለች። በበሩ ገብታ አታውቅም፤ ልጇም የመግባቷ ነገር ያጠራጥራል። እናንተ ግን ገብታችኋል፤ በእርሷም ገንዘብ ተምራችሁ ወጥታችኋል።

ከእናንተ በፊት የነበሩት ይህን ዕዳ በሰውነታቸው ከፍለዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ክፍለ ሀገር እየሄደ አብዛኛውን ጊዜ ያስተምር ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደዋል። ያ ዘመቻ በግዳጅ የተደረገ ነበር፤ ብዙ መከራም አስከትሏል፤ እንዲመለስ አልመኝም። ነገር ግን የተማረ ሰው ላስተማረችው ሴት ዕዳ አለበት የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ ሕያው ነበር። ዛሬ በእናንተ ዘንድ ያ ዕዳ የወጪ መጋራት ውል ሆኖ ቀርቷል። ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል፣ ክሊራንስ ይወጣል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ለመንግሥት ካዝና የከፈላችሁትን አላቃልልም። በበሩ ለምታልፈዋ ሴት ግን ገና ምንም አልከፈላችሁም።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሴቶች መብትና በጾታ እኩልነት ላይ ለመሥራት የሚፈልግ የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳይኖረው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተደበደቡ፣ ለተደፈሩ፣ ቀለብ ለተከለከሉ ሴቶች ያለ ክፍያ የሚሟገት ማኅበር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንዲወጣ ከታገሉት ግንባር ቀደሙም እርሱ ነው። አዋጁ ሲመጣ ሠራተኞቹን ለማሰናበትና አገልግሎቱን እጅግ ለመቀነስ ተገደደ። ሕጉ መጥፎ ሕግ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እንናገራለን። ነገር ግን ያ ሕግ 90 በመቶውን ለእኛ ለዜጎች ክፍት አድርጎ ትቶት ነበር። ጠበቃው፣ ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው ምሩቅ በወር ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ኖሮ ያ ማኅበር ባልተጎዳ። ማን አዋጣ? በየካፌው ተቀምጠን መንግሥትን አማን፤ እጃችን ወደ ኪሳችን አልሄደም። የተደበደበችው ሴት አቤት የምትልበት በር ሲጠብባት ከመንግሥት ጋር አብረን ያጠበብነው እኛ ነን።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ አነሳ። የውጭ ገንዘብ ተመለሰ፤ እኛም እንደገና ተኛን። ከዚያ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ትእዛዝ ሲያቆም፣ በብዙ ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ቆመ፣ ሠራተኛ ተበተነ። በሌላ አገር ምርጫ ማን እንዳሸነፈ እየታየ የሽሮ ሜዳ እናት ልጇን የምታውልበት ማቆያ ይከፈታል ወይም ይዘጋል ማለት ነው። በዚህ አታፍሩም? እኔ አፍራለሁ።

«ገንዘብ የለንም» አትበሉኝ። የኑሮ ውድነቱን አውቀዋለሁ፤ የቤት ኪራዩን፣ የትራንስፖርቱን፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያውን አውቃለሁ። ነገር ግን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የአባይ ግድብ መሠረት ሲጣል የወር ደመወዛችሁን በቦንድ የሰጣችሁ እናንተ ናችሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በአመዛኙ በራሳችን ገንዘብ ተሠራ ብላችሁ ደረታችሁን የነፋችሁትም እናንተ ናችሁ፤ ይገባችኋልም። ዕድራችሁስ? የወር መዋጮውን ዝናብ ቢጥል፣ እንግዳ ቢመጣ አታስቀሩም፤ ብታስቀሩ ትቀጣላችሁ፤ ቅጣቱንም ሳታጉረመርሙ ትከፍላላችሁ። ለሞተ ሰው ድንኳንና ንፍሮ ሳይጎድል ለማቅረብ ይህን ያህል የምትተጉ ሰዎች፣ በሕይወት ላለች ሴት በወር 100 ብር በቴሌብር ለመላክ አቅም አጣን ብትሉ ማን ያምናችኋል?

ስትሰጡም አሰጣጣችሁን ልነግራችሁ ይገባል። የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ሲጠራ በትልቅ ሆቴል ትሰበሰባላችሁ። በማይክሮፎን ቃል ትገባላችሁ፣ ይጨበጨብላችኋል፣ ካሜራው ይዞራል። በማግስቱ የፋውንዴሽኑ ሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ስትደውል አታነሱም። በአደባባይ የተገባ ቃል በጓዳ ሲበላ እንደ ሐሰት ይቆጠራል፤ ጠንከር ያለ ስም ብሰጠውም አልሳሳትም። በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ ወጥቷል፤ ለሴቶቹም «መጋቢት ላይ እንጀምራለን» ተብሏል።

ማርች 8ንማ ተዉት። ቲሸርት ታትሞ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ንግግር ተደርጎ ያልቃል።

በአራዳ ክፍለ ከተማ የማውቃት አንዲት እናት የልብስ ስፌት ማሽን ተሰጣት። የሦስት ቀን ሥልጠና በአዳራሽ ወሰደች፤ አሠልጣኞቹ አበል ተከፈላቸው፤ እርሷ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ማሽኑን ስትቀበል ፎቶግራፍ ተነሳች፤ ፎቶግራፉም በዓመታዊው መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ማሽኑን ስታስገባ አልጋው መውጣት ነበረበት። መስፊያ ቦታ አልነበራትም፤ ጨርቅ መግዣ ገንዘብ አልነበራትም፤ የምትሰፋለት ደንበኛ አልነበራትም፤ ትንሹን ልጇን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። ከወራት በኋላ ማሽኑ መርካቶ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለቤት ኪራይ ዋለ። በፋውንዴሽኑ ሪፖርት ግን «ሴቶችን የማብቃት ፕሮጀክት ተጠቃሚ» ተብላ ተቆጥራለች። አንድም ሰው ተመልሶ አልጠየቃትም። እርሷን የሚወቅስ ካለ ከእኔ ጋር ይከራከር፤ ጥፋቱ ማሽን መስጠት ሥራ መፍጠር መስሎ የታያቸው ሰዎች ነው።

ስለዚህ የፋውንዴሽን መሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ ተግሳጹ ለእናንተም ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ተልእኮ ነው ብላችሁ በየመድረኩ ትናገራላችሁ። በካምፓሶቻችሁ የምግብ አዳራሾች በየቀኑ በሺዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች እንጀራ ይቀርባል። ያ እንጀራ በዙሪያችሁ ካሉ የተደራጁ ሴቶች ቢገዛ ከስንት ሥልጠና ይበልጥ ነበር? የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛው የደንብ ልብስ፣ የምርቃቱ ጋውን ማን ይሰፋዋል? ከላይ የጠቀስኳት እናት ማሽኗን ባልሸጠች ነበር፣ የአንድ ዓመት የሥራ ትእዛዝ ከማሽኑ ጋር ቢሰጣት ኖሮ። ገበያው በእጃችሁ ነው። ይህን ማድረግ የግዥ ክፍልን ማሳመን፣ መመሪያ ማንበብ፣ ጥራት መከታተል ይጠይቃል፤ አድካሚ ነው፤ ፎቶግራፍም የለውም። ግን ሥራው ይህ ነው።

ሌላው የመያዣ ጉዳይ ነው። ሴቶቹ ቤትም መኪናም የላቸውም፤ ብድር ጠይቀው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። 11 ሴቶች የመሠረቱትና በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ፣ ሌሎች ሰዎች ገንዘባቸውን አስቀምጠው መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስ የሚሆኑበትን መንገድ አሳይቶናል። አንድ የምሩቃን ባች ተሰብስቦ እንዲህ ያለ የዋስትና ገንዘብ በፋውንዴሽኑ በኩል ለማስቀመጥ ምን ይከለክለዋል? ለባች ግብዣ አዳራሽ ከምትከራዩበት ገንዘብ ግማሹ ለጅምር ይበቃል። የሕግ ምሩቃንም በወር አንድ ከሰዓት በኋላ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተቀመጡ። የቀለብ አቤቱታ መጻፍ ለእናንተ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለእርሷ የልጆቿ ምሳ ነው።

ወንድሞች ሆይ፣ አንድ ነገር ለብቻችሁ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዲግሪ ይዛችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ስትደግሙት እሰማለሁ። ሚስቶቻችሁና እህቶቻችሁ ከእናንተ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተምረዋል። አፋችሁን ሰብስቡ።

«ገንዘቡ ይበላል» ለሚሉኝ መልስ አለኝ። ሊበላ ይችላል፤ የተበላበትም ጊዜ አለ። ግን የማይከፍል ሰው ለመጠየቅ ፊት የለውም። ክፈሉና ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ድርጅቱም የሥራ ዘገባውንና የኦዲት ሪፖርቱን በየዓመቱ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። ያንን ሪፖርት ለአባላትም አምጡ በሏቸው። ስንት ሴት ሠለጠነች ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንቷ ከዓመት በኋላ ከሥራዋ ላይ እንዳለች ጠይቁ። መኪና ለምን እንደተገዛ፣ ሆቴል ለምን እንደተከራየ ጠይቁ። በዕድራችሁ ጉባኤ ገንዘብ ያዡን ለጎደለ ጥቂት ብር አስቁማችሁ የምትመረምሩ ሰዎች፣ እዚህ ሲሆን የምታፍሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ቦርዱንም ተመልከቱ። ፕሮፌሰር አለ፣ ባለሀብት አለ፣ ባለሥልጣን አለ። ማገዶ የተሸከመችው፣ ፈትል የፈተለችው፣ በጉልት የተቀመጠችው የለችም፤ ስለ እርሷ ግን ይወሰናል። የሰፈሯን ዕቁብ ሳንቲም ሳታጎድል ለዓመታት የሰበሰበች ሴት የአንድን ፋውንዴሽን በጀት ለመከታተል የሚያንሳት ነገር የለም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ተገኙና ሁለት ወንበር ለእነዚህ እናቶች እንዲሰጥ ድምፅ ስጡ። ስብሰባው እነርሱ ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት ይሁን፤ በሚገባቸው ቋንቋ ይካሄድ፤ ማንበብ ለማይችሉት ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ከሥራቸው ለሚቀሩበትም ቀን የዕለት ገቢያቸው ይከፈላቸው።