«ኢንጂነር፣ ሸዋ በር ላይ አውርደኝ»

ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት። የመውጫ ፈተናው በ2015 ሲጀመር እኛ ላይ ደረሰ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው ተባለ፣ አለፍኩ። አሁን ደሴ ፒያሳ የአክስቴን ልጅ ባጃጅ በፈረቃ እነዳለሁ። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እኔ።

ሥራውን አልንቀውም፣ እንጀራ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ «ዜሮ ዓመት ወጥቷል»፣ ማለትም ልምድ የማይጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ አለ ሲሉኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ወረቀቷ ሰሌዳው ላይ በአንድ እስፒል ተንጠልጥላለች። ሁላችንም ስልክ አውጥተን ፎቶ እናነሳለን። ብዛት፦ 1። ከታች በእስክሪብቶ «2 ዓመት የሠራ ቢሆን ይመረጣል» ተብሎ ተጨምሯል። ታዲያ ምኑ ነው ዜሮው? የት ሠርቼ ነው ልምድ የማመጣው? ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ትራንስፖርት ተደምሮ የሁለት ቀን ገቢዬን በላው። (የሚቀጠረውን ልጅ እኮ ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ነው የሰማነው።)

የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ገና ተማሪ ነበርን። «እናንተ እስክትጨርሱ ሥራው ደጃችሁ ነው» ይሉን ነበር። ከጓደኞቼ አንዷ ጀበና ቡና ከፍታለች። አንዱ የሰው ልጆች ቤት ለቤት ያስጠናል። ሌላው ለተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይተይባል፣ እሱ እንኳን ከእኔ ይሻላል።

«አብሽር፣ ያልፋል» የሚለኝ ሰው ግን በዛ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ነው» ትላለች። ትናንት ጎረቤታችን ባጃጄ ውስጥ ገብተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ከልባቸው በአክብሮት፣ «ኢንጂነር፣ ሸዋ በር ላይ አውርደኝ» አሉኝ።

አወረድኳቸው። ሒሳብ አልተቀበልኩም።