ከግድቡ ቀጥሎ በጀት የሚያስፈልገው የመስመሮች ቁጥጥር ነው

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የምንወያየው በአብዛኛው ስለ 5,150 ሜጋ ዋቱ ነው። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ኃይል በየትኛው መስመር፣ በምን መጠን እንደሚጓዝ መቆጣጠር የሚያስችለን መሣሪያ ያንኑ ያህል ትኩረት ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ተለዋዋጭ ኮረንቲ (አቅጣጫውን በየቅጽበቱ የሚቀያይር ኤሌክትሪክ) በሚጓዝበት መረብ ውስጥ ኃይሉ የሚሄደው ኦፕሬተሩ በመረጠለት መንገድ አይደለም፤ በመስመሮቹ ርዝመትና ባሕርይ እንዲሁም በጫፎቻቸው ባለው የቮልቴጅ ሁኔታ መሠረት በሁሉም ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ አጭሩ መስመር እስከ ጣሪያው ተጭኖ ሳለ ረጅሙ ገና ብዙ የመሸከም አቅም ሊተርፈው ይችላል። አንዱ ከተቋረጠም ጭነቱ ወዲያውኑ ወደ ሌሎቹ ይዞራል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን ለሚሄደው ኃይል መተላለፊያ የሆነው የሉክማኒየር መስመር በዛፍ ምክንያት ተቋረጠ፤ ጭነቱ የዞረበት የሳን በርናርዲኖ መስመርም ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ ከመጠን በላይ ሞቆና ረግቦ በዛፍ ምክንያት ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መብራት አጣ። በዚያ ሌሊት አውሮፓ የማመንጨት አቅም አልጎደላትም ነበር።

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከዚህ የተለየ ነው። በቀጥተኛ ኮረንቲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) ስለሚሠራ በሁለቱ ጫፎች ያሉት የመለወጫ ጣቢያዎች 200 ሜጋ ዋት ይሂድ ሲባሉ 200 ሜጋ ዋት ያሳልፋሉ። ነገር ግን ኃይሉ ሶዶ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት የአገር ውስጥ መረብ ይህን ዓይነት ታዛዥነት የለውም። ከግድቡ በዴዴሳ በኩል እስከ ሆለታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋው መስመር ራሱ ሌላ ባሕርይ አለው፤ ሌሊት ጭነቱ ሲቀንስ በተቀባዩ ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ሪአክተር የተባለው ቮልቴጅ ቀናሽ መሣሪያ ካላወረደውም ሌሎች መሣሪያዎችን ይጎዳል። ጭነቱ ሲበዛ ደግሞ ቮልቴጁን የሚደግፍ ካፓሲተር የተባለ መሣሪያ ይፈለጋል።

መፍትሔው ሁልጊዜ አዲስ መስመር መዘርጋት አይደለም። በመስመሩ ላይ በተከታታይ የሚገጠም ካፓሲተር ረጅሙን መስመር ለኃይሉ እንዳጠረ ያህል ስለሚያደርገው ብዙ ኃይል በዚያ ያልፋል፤ የፌዝ ማዕዘን (በመስመሩ ሁለት ጫፎች ባሉት የቮልቴጅ ሞገዶች መካከል ያለውን መቀዳደም) የሚቀይር ትራንስፎርመር ደግሞ ጭነቱን ከተጨናነቀው መስመር ወደ ቀለለው ይገፋል። ፖላንድ በጀርመን ድንበር ሚኩዎቫ ላይ ይህን ትራንስፎርመር የተከለችው ከጎረቤቷ ሳትፈልገው የሚገባውን ፍሰት ለመገደብ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው በማከፋፈያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ስለሚተከሉ ገበሬን ከእርሻው አያፈናቅሉም፤ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አዲስ ማመንጫ ሲያቅድ የኃይል ፍሰት ጥናቱንና የመቆጣጠሪያ መሣሪያውን ወጪ በዚያው በጀት ውስጥ እንዲያካትት፣ የትኞቹ መስመሮች እንደተጨናነቁም በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሌሊቱን የሚያድሩት ባለሙያዎችም፣ አንድ መስመር ቢወድቅ ጭነቱ ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ የሚያሳያቸው ሥርዓትና ተከታታይ ሥልጠና ሊሟላላቸው ይገባል።